የላርጎው የብረት ፈረስ ቆመ

በዲሲና በአካባቢው ልጅ ያሳደገ ሐበሻ ሁሉ የሲክስ ፍላግስ አሜሪካን ስም ሳይሰማ የቀረ አይመስለንም። ከሀያትስቪል ተነስቶ ቤልትዌይን ይዞ በሴንትራል አቬኑ ወደ ምሥራቅ የታጠፈ ሰው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ከበሩ ይደርስ ነበር። «አባዬ፣ ቅዳሜ ውሰደን» የሚለው ልመና ያልተሰማበት ቤት ጥቂት ነው። እነሆ ያ በር እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2025 ለመጨረሻ ጊዜ ተዘጋ።

ቦታው በ1970ዎቹ የዱር አራዊት መጎብኛ ሆኖ ነበር የተጀመረው። በ1982 ዋይልድ ወርልድ፣ በ1994 አድቬንቸር ወርልድ፣ በ1999 ደግሞ ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ ተባለ። ልጆቻችን ከሁሉ አብልጠው የሚያወሩለት «ጆከርስ ጂንክስ» የተባለው ሮለር ኮስተር የተተከለውም በዚያው በ1999 ነው። የሠራው ፕሪሚየር ራይድስ የተባለው የሜሪላንድ ኩባንያ ነው።

ሌላው ሮለር ኮስተር ባቡሩን በሰንሰለት እየጎተተ ዳገት ያወጣና ቁልቁል ይለቀዋል፤ ቀሪው የመሬት ስበት ሥራ ነው። ጆከርስ ጂንክስ ግን የሚጎትተው ሰንሰለት አልነበረውም። ሜዳ ላይ የቆመው ባቡር በሦስት ሰከንድ ገደማ በሰዓት 60 ማይል ይወረወራል። ምስጢሩ ኤሌክትሪክ ነው። በሀገር ቤት የወፍጮ ሞተር ተፈቶ ያየ ሰው ነገሩ በቀላሉ ይገባዋል። በሞተሩ ዙሪያ የተጠመጠመው ሽቦ የማግኔት ኃይል እየፈጠረ መካከለኛውን ዘንግ ያሽከረክራል። ያንኑ ክብ ሞተር ሰንጥቀው እንደ ሰሌን ሐዲዱ ላይ ቢዘረጉት፣ ኃይሉ ማሽከርከሩን ትቶ ወደፊት ይገፋል። ከባቡሩ ጋር የተያያዙት የብረት ዝርግ ክንፎች በሽቦዎቹ መካከል ሲያልፉ፣ ማግኔቱ ሳይነካቸው ያስፈነጥራቸዋል። ከዚያ በኋላ ባቡሩ 79 ጫማ ከፍታ ባለውና እንደ ፓስታ በተቆላለፈው ሐዲድ ውስጥ ተሳፋሪውን አራት ጊዜ ይዘቀዝቀዋል።

የወላጅ ጭንቀት በከንቱ አልነበረም። በኦገስት 2014 እና በኤፕሪል 2017 ባቡሩ መንገድ ላይ ቆሞ፣ ተሳፋሪዎች ለሰዓታት ከፍታ ላይ ከቆዩ በኋላ የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የእሳት አደጋ ሠራተኞች አውርደዋቸዋል። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ይባል። እንዲህ ያለው ማሽን ችግር ሲጠረጥር ራሱን እንዲያቆም ሆኖ ነው የሚሠራው። መቆሙ ያስደነግጣል እንጂ የከፋው አደጋ መቆም ሲገባው አለመቆሙ ነው።

ለእኛ ማኅበረሰብ ግን ጉዳዩ ከጨዋታ ያልፋል። ቅዳሜና እሑድ ሥራ ለሚገባ ወላጅ ልጁን በቅርብ የሚያዝናናበት ቦታ ነበር። ለአካባቢው ወጣቶች ደግሞ የመጀመሪያ ደመወዝ የሚቀበሉበት፣ ሰዓት ማክበርንና ከማያውቁት ሰው ጋር በትሕትና መነጋገርን የሚለማመዱበት የሰመር ሥራ ነበር። ኩባንያው መዘጋቱን በሜይ 2025 ሲያስታውቅ የጠቀሳቸው ቋሚ ሠራተኞች 70 ያህል ናቸው። በሰመር ብቻ ይቀጠሩ የነበሩት ልጆች በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም። 500 ኤከር የሚሆነው መሬትም ለሌላ ልማት እንዲሸጥ ታስቧል።

ከ1996 ጀምሮ የጆከርስ ጂንክስን ታላቅ ወንድም «ፍላይት ኦቭ ፊር»ን ያስተናገደው ኪንግስ ዶሚንየን የሚገኘው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ከሀያትስቪል መቶ ማይል ግድም ይርቃል። ሌሊት ታክሲ ሲነዳ ላደረ አባት ይህ ቀላል መንገድ አይደለም።

በዚያው ፓርክ የነበረው «ዋይልድ ዋን» የተባለው የእንጨት ሮለር ኮስተር በ1917 ማሳቹሴትስ ውስጥ የተሠራ ነው። የነበረበት ፓርክ ሲዘጋ ተነቅሎ በ1986 እዚህ ተተከለና እንደ እኛው በሰው አገር ሁለተኛ ዕድሜ አገኘ። ብረቱና እንጨቱ እንዲህ ሊነቀልና ሊተከል ይችላል። የልጆቻችን ሰመር ግን የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በሜሪላንድ ለመሥራት የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋልና ፈቃዱን ከስቴቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት በጊዜ አውጡላቸው። ካውንቲው ለወጣቶች የሚያዘጋጀውን የሰመር ሥራም ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ጠይቁላቸው።