ደራሲው የዘነጋውን አንባቢው ሲያስታርቅ

ክሊንጎን የሚባሉት ጦረኞች በምድር ላይ የሚገኙ ሕዝብ አይደሉም፤ ስታር ትሬክ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ልብ ወለድ የፈጠራቸው ናቸው። በ1967 (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በቴሌቪዥን መጀመሪያ በታዩ ጊዜ ግንባራቸው እንደ ማንኛችንም ግንባር ልሙጥ ነበረ። በ1979 ታሪኩ ወደ ሲኒማ በተሸጋገረ ጊዜ ግን እነዚያው ክሊንጎኖች በግንባራቸው ላይ ወጣ ገባ ያለ አጥንት አብቅለው ብቅ አሉ። ስለዚህ ለውጥ በፊልሙ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ የተናገረ የለም።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ለሲኒማው የወጣው ገንዘብ ለቴሌቪዥኑ ከወጣው እጅግ የበዛ ስለ ሆነ፥ የተዋንያንን ፊት የሚያበጁት ባለሙያዎች ቀድሞ ያልቻሉትን ለመሥራት ቻሉ። ይህን የታሪኩ ወዳጆች ያውቃሉ። ነገር ግን ይህን መልስ የሰጣቸውን ሰው «እኛ የጠየቅነው ይህን አይደለም» ይሉታል። የሚጠይቁት ስለ ተዋንያኑ ሳይሆን ስለ ክሊንጎኖቹ ነው፤ በታሪኩ ዓለም ውስጥ ገብተው፥ በዚያ ዓለም ሕግ፥ «ይህን ሕዝብ ምን አገኘው?» ነው የሚሉት። ስለዚህም አንዱ «ከመጀመሪያው ሁለት ነገድ ነበሩ» አለ፤ ሌላው «በሽታ መልካቸውን ለወጠው» አለ፤ ሌላውም «ልሙጦቹ ከሰው ዘር ጋር የተዳቀሉ ናቸው» ብሎ ተከራከረ።

በ1996 የታሪኩ ደራስያን ራሳቸው በነገሩ ቀለዱበት። ያን ጊዜ በወጣው ክፍል፥ ባለ አጥንተ ግንባሩ ዎርፍ ከባልንጀሮቹ ጋር ወደ ቀድሞው ዘመን ተመልሶ ግንባረ ልሙጥ ወገኖቹን ያያል። ባልንጀሮቹ ግራ ተጋብተው ምክንያቱን ቢጠይቁት፥ ይህ ለባዕድ የሚነገር ነገር አይደለም ብሎ ዝም አሰኛቸው። በ2005 ግን ሙሉ ማስታረቂያ ቀረበ፤ የክሊንጎን ሊቃውንት ኀይለኛ ወታደር ለማውጣት ሲሉ የተሻሻለ የሰው ዘር ከራሳቸው ዘር ጋር ቢቀላቅሉ ተላላፊ በሽታ አመጡ፥ ከሞት የተረፉትም ግንባራቸው ልሙጥ ሆኖ ቀረ ተባለ። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ «በሽታ ነው» ያሉት ረቱ ማለት ነው። በ2017 የተጀመረው አዲስ ተከታታይ ደግሞ ሌላ መልክ ያላቸው ክሊንጎኖች አመጣና ክርክሩ እንደ ገና ተከፈተ።

ስታር ዋርስ በተባለው በሌላው የጠፈር ታሪክም እንዲሁ ያለ ነገር አለ። በ1977 በወጣው ፊልም አንድ የመርከብ አዛዥ ስለ መርከቡ ፍጥነት ሲመካ፥ ኬሰል የሚባለውን ጕዞ ከዐሥራ ሁለት ፓርሴክ ባነሰ ፈጸምሁት ይላል። ፓርሴክ ግን የርቀት መለኪያ እንጂ የጊዜ መለኪያ አይደለም፤ አንዱ ፓርሴክ 3.26 የብርሃን ዓመት ያህል፥ በኪሎ ሜትርም ወደ 31 ትሪሊዮን ይሆናል። ይህ «ከአዲስ አበባ ደሴ በ400 ኪሎ ሜትር ደረስሁ» ብሎ በፍጥነቱ እንደሚመካ ሰው ነው። የታሪኩ ወዳጆች ታዲያ ሰውዬውን አላሳፈሩትም። «ሌሎች አደገኛውን ስፍራ በሩቅ ሲዞሩት እርሱ ደፍሮ በአጠገቡ ስለ ቈረጠ መንገዱ አጠረለት፤ የተመካውም በዚህ ነው» አሉለት፤ በ2018 የወጣውም ፊልም በአደገኛ አቋራጭ ሲያልፍ አሳየ። ሌሎች ግን አዛዡ ተሳፋሪዎቹን የገጠር ሰዎች አድርጎ ስለ ቈጠራቸው በባዶ ቃል ሊያስደንቃቸው ሞከረ ይላሉ። እኛ ይህን ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ የሰውዬውን ጠባይ ይበልጥ ያስረዳልና።

ይህ ጨዋታ ከጠፈር ታሪክ በፊት የነበረ ነው። የአንግሊካን ጳጳስ ልጅ የነበረው ሮናልድ ኖክስ፥ በ1911 በኦክስፎርድ ስለ ሼርሎክ ሆምስ ታሪኮች አንድ ጽሑፍ አነበበ። በእነዚያ ታሪኮች የዶክተር ዋትሰን የጦር ሜዳ ቍስል አንድ ጊዜ በትከሻው፥ አንድ ጊዜ በእግሩ ላይ ይገኛል። ኖክስ ይህን የመሰለውን መጣላት ሁሉ፥ በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንት መጽሐፍ ቅዱስን ይመረምሩ በነበረበት አኳኋን እየመረመረ አሳቀበት። የሣቀው በሆምስ አልነበረም፤ ቅዱሱን መጽሐፍ ቈራርጠው «ይህ የእገሌ፥ ያ የእገሌ» በሚሉት ሊቃውንት ላይ ነበር። እርሱም በኋላ ቄስ ሆኖ፥ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተሻግሮ፥ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ እንግሊዝኛ ተረጐመ። ከእርሱ በኋላ ዶሮቲ ሴየርስ የተባለችው ደራሲ፥ ጆን የሚባለውን ዋትሰንን ሚስቱ በአንድ ታሪክ ለምን «ጄምስ» ብላ እንደ ጠራችው መልስ አገኘች፤ በስሙ መካከል ያለችው ፊደል ሔሚሽ የሚለው ስም መነሻ ናት፥ ይህም ጄምስ የሚለው ስም በስኮትላንድ የሚጠራበት ነው አለች። ደራሲው ስሙን መርሳቱን የሚጠራጠር የለም። ግን እንዴት ያለ ቈንጆ መልስ ነው!

ከዚህ ጨዋታ ጋር አንድ ቃል አብሮ ሄዷል፤ እርሱም ቀኖና ነው። የሆምስ ወዳጆች እውነተኞቹን ታሪኮች «ቀኖና» አሏቸው፤ የጠፈር ታሪክ ወዳጆችም ቃሉን ወርሰው፥ የታሪኩ ባለቤቶች ያወጡትን «ቀኖና»፥ እያንዳንዱ ሰው መጣላቱን ለማስታረቅ በልቡ የሚይዘውን ግምት ደግሞ «የራስ ቀኖና» ይሉታል። ዲዝኒ በ2012 የስታር ዋርስን ባለቤት ኩባንያ ገዛ፤ በ2014ም ባለቤቶቹ ለብዙ ዓመታት የታተሙትን ልብ ወለዶች ከቀኖና ውጭ አደረጓቸው። በዚያ ቀኖናው በባለ ንብረቱ ፈቃድ ይሰፋል፥ ይጠብባልም።

ቃሉ በግሪክ ቋንቋ መለኪያ ዘንግ ማለት ነው፤ በእኛም ቤተ ክርስቲያን ሰማንያ አሐዱ መጻሕፍትን የምንቀበልበት ስም ነው። የራስ የሆነ መለኪያ ግን ምን ይለካል? ጨርቁን የሚሸጠው ነጋዴ በራሱ ክንድ ልክ ሜትር ቢሠራ ማን ይገዛዋል? በልብ ወለድ ይህ ማንንም አይጐዳም። ወጣቱ ልማዱን ይዞ ወደ ሃይማኖቱ ሲመጣና ጾሙን «ለእኔ ቀኖና አይደለም» ሲል ግን ነገሩ ከጨዋታ ያልፋል።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ነው። ክሊንጎኖችን በብልሃት ሲያስታርቅ ያደገ ልጅ አንድ ቀን ወንጌልን ገልጦ፥ የዮሴፍ አባት በማቴዎስ ያዕቆብ፥ በሉቃስ ኤሊ መባሉን ያያል። ሲጠይቀንም የአባቶችን መልስ ብንነግረው፥ «ይህንማ እኔም አውቅበታለሁ፤ ቀዳዳ መድፈን ነው» ሊለን ይችላል። ጥያቄው ቍጣ አይገባውም። ሁለት ንባብ አነጻጽሮ ይጣላል ያለ ልጅ በትኵረት አንብቧል፤ በጉባኤ ቤት የትርጓሜ ተማሪም የሚጣላ የመሰለውን ንባብ ይዞ ይጠይቃል፥ መምህሩም «አንድም» እያለ ያሰፋለታል። ነገር ግን መምህሩ ከመምህሩ የተቀበለውን ይናገራል እንጂ ባማረለት አይመልስም። ደግሞም በክሊንጎኖች ግንባር ጀርባ የሜካፕ ሣጥን እንጂ ማንም የለም፤ በዮሴፍ ስም ጀርባ ግን በእውነት የኖሩ፥ ያገቡ፥ የሞቱ ሰዎች አሉ።

የዮሴፍን ነገር በሦስተኛው መቶ ዓመት የመረመረው ዩልዮስ አፍሪቃኖስ ነበር። ለአርስጣዲስ በላከው ደብዳቤ፥ ያዕቆብና ኤሊ ከአንዲት እናት የተወለዱ ወንድማማች እንደ ነበሩ፥ ኤሊም ልጅ ሳይወልድ ቢሞት ያዕቆብ በኦሪት ሕግ መሠረት ሚስቱን አግብቶ ዮሴፍን እንደ ወለደ ጻፈ፤ ስለዚህ ዮሴፍ በሥጋ የያዕቆብ፥ በሕግ የኤሊ ልጅ ነው። ደብዳቤውን አውሳብዮስ ዘቂሳርያ በታሪክ መጽሐፉ አቈይቶልናል። አፍሪቃኖስ ይህን ቃል የጌታ የሥጋ ዘመዶች ካቈዩት እንዳገኘው ተናገረ፤ የሚያጸናለት ሌላ ምስክር እንደሌለውም አልሸሸገም። ከዚህ የተሻለ መልስ እስካልተገኘ ድረስ ይህ ይበቃናል አለ፤ ወንጌሉ ግን በማናቸውም ረገድ እውነት መሆኑን ጨምሮ ጻፈ።