ያውቁ ኖሯል? አዲስ ሆኖ አሮጌ የሚመስል ጊታርና ጎልማሳ ገዢው

ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። መቃኘት እንኳ አያውቅበትም። ቴሌካስተርና ስትራቶካስተር የተባሉት ዝነኛ ኤሌክትሪክ ጊታሮች የተወለዱት ይህ ሰው በ1938 ካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ከተማ ከከፈተው ሬዲዮ መጠገኛ ቤት ነው። (በዚህ ዓምድ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ስትራቶካስተር በ1954 ገበያ ሲወጣ ሰውየው 45 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። በዚህ ዕድሜ ጊታር ገዝተው ሲገቡ «አሁን ገና?» የሚልዎት ካለ፣ ሠሪውም እኩያዎ እንደነበር ይንገሩት።

ሊዮ ድርጅቱን በ1965 መጀመሪያ ላይ ሲቢኤስ ለተባለ ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ጡረታ ግን አልወጣም። 70 ዓመት ሲሞላው ገደማ ጂ ኤንድ ኤል የተባለ ሌላ ፋብሪካ አቋቋመ፤ በ1991 እስከሞተበት ዋዜማ ድረስም ከሥራ ጠረጴዛው አልተለየም።

ስም የሌለው ጊታር ስም እንዳወጣስ ያውቁ ኖሯል? ቴሌካስተር በ1950 ሲወጣ ብሮድካስተር ይባል ነበር። ግሬች የተባለው ኩባንያ «ይህ የከበሮዬ ስም ነው» ብሎ በ1951 አቤት አለ። የፌንደር ሠራተኞች አዲስ ስም እስኪወጣ አልጠበቁም፤ ጊታሩ ራስ ላይ ከሚለጠፈው ጽሑፍ «ብሮድካስተር» የሚለውን በመቀስ እየቆረጡ ዕቃውን ላኩ። እነዚያ ስም የለሾች ዛሬ «ኖካስተር» ተብለው በውድ ይፈለጋሉ። ፋብሪካውም ያን ስም የለሽነት ሳይቀር አስመስሎ እየሠራ ይሸጣል።

የቴሌካስተር ክሮች የሚታሰሩበትን ቦታ የሚሸፍን የብረት ክዳን አለ። ተጫዋቾቹ ለእጃቸው ስላልተመቸ እየነቀሉ የሲጋራ መተርኮሻ አደረጉት፤ መጠሪያውም «አሽትሬይ» ሆኖ ቀረ። በጥንቱ አምሳል የተሠራውን የገዛ ሰው ዛሬም አንዳንዴ ክዳኑን ከሳጥኑ ውስጥ ያገኘዋል።

ቴሌካስተር ጠፍጣፋ ሳንቃ ስለሆነ ጠርዙ ጎን ይወጋል። ተጫዋቾች ይህን አማርረው ነበርና ስትራቶካስተር ሲሠራ ጀርባው በሆድ በኩል ተጠርቦ፣ ክንድ የሚያርፍበትም ጠርዝ ሸርተት ተደርጎ ወጣ። በ20 ዓመቱ ይህን ጥርብ ልብ የሚል የለም። ቦርጭ ያወጣ ሰው ግን ጊታሩን ባነገተበት ቅጽበት ለእርሱ ታስቦ የተሠራ ይመስለዋል። ተፎካካሪው ኩባንያ ጂብሰን የሚሠራው ሌስ ፖል የተባለ ጊታር በበኩሉ 4 ኪሎና ከዚያም በላይ ሊመዝን ይችላል። ወገብዎ ከወዲሁ ማጉረምረም ከጀመረ፣ ቆመው አንግተው ሳይሞክሩ ገንዘብ አይክፈሉ።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። «ቪንቴጅ» የሚባለው አዲስ ጊታር ከየት መጣ? ከሲቢኤስ ግዢ በኋላ ጥራቱ ወረደ የሚል ሮሮ በረታ፤ ከ1965 በፊት የተሠሩት አሮጌዎች ዋጋቸው እየናረ ሄደ። የጃፓን ፋብሪካዎችም የድሮዎቹን ጊታሮች አንድ በአንድ እየለኩ ግሩም አድርገው ይቀዱ ጀመር። በ1982 የፌንደር ኩባንያ ራሱ የራሱን ዕቃ ወደ መቅዳት ገባ፤ የ1957ቱንና የ1962ቱን ስትራቶካስተር በአምሳላቸው ሠርቶ አወጣ። ያኔ ዋናዎቹ ገና 25 እና 20 ዓመታቸው ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ከምትሽከረከረው ዲኤክስ ቶዮታ በዕድሜ ያንሱ ነበር ማለት ነው። ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ እነዚያ የ1982 ቅጂዎች አሁን ከ40 ዓመት በላይ ሆኗቸው፣ ራሳቸው «እውነተኛ ቪንቴጅ» ተብለው ሰብሳቢ የሚሻማባቸው መሆኑ ነው።

ቅጂው ታማኝ ከመሆኑ የተነሣ ጥንት የነበረውን ጉድለትም ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ስትራቶካስተር የክሩን ንዝረት የሚያነሡ 3 ፒክአፖች ሲኖሩት መምረጫ ማብሪያው 3 ቦታ ብቻ ነበረው። ተጫዋቾች ማብሪያውን በሁለት ቦታዎች መካከል እንደምንም ሲያቆሙት ልዩ ድምፅ አገኙ፤ ፋብሪካው ነገሩን ተቀብሎ ባለ 5 ቦታ ያደረገው በ1977 ነው። በ1982ቱ ቅጂ ላይ ታዲያ ባለ 3ቱ ተገጥሞ፣ ባለ 5ቱ ለፈለገ ሰው በሳጥኑ ውስጥ ለብቻው ይሰጥ ነበር። ታሪክ ለሚወድ አንዱ፣ ለሚጫወት ሌላው።

በ1995 ነገሩ አንድ እርምጃ አለፈ። ፌንደር አዲሱን ጊታር ቀለሙን ልጦ፣ ብረቱን አዝጎ፣ ጀርባውን በቀበቶ ዘለበት የተፋቀ አስመስሎ «ሬሊክ» ብሎ መሸጥ ጀመረ። የተጎሳቆለው ከንጹሑ ይወደዳል! እኔ ይህን አልገዛም። ጭረት በገንዘብ መግዛት ዕድሜ ለሌለው ለ20 ዓመት ልጅ ያምርበት ይሆናል፤ እኛ ግን ጉስቁልናውን በነጻ ይዘን ነው ወደ ሱቁ የምንገባው። ጊታሩ አዲስ ይሁን፤ ማስረጀቱን ለኛ ይተዉልን።

ዋናውን ያለመግዛት ምክንያትም አለ። ስትራቶካስተር በ1954 ዋጋው 249.50 ዶላር ነበር፤ በደህና ሁኔታ የቆየ የዚያ ዘመን ጊታር ዛሬ በአሥር ሺዎች ዶላር ይጠየቅበታል። ያን ያህል የከፈለ ሰው ዕቃውን ከሳጥኑ ለማውጣትም ይፈራል። የፒንክ ፍሎይዱ ዴቪድ ጊልሞር ግን በ1970 ኒው ዮርክ ውስጥ የገዛውን ጥቁር ስትራቶካስተር ሲበሳው፣ ሲቆርጠው፣ አንገቱን ሲቀያይርለት ኖሯል። በ2019 የጨረታ ድርጅቱ ክሪስቲስ ሲያጫርተው 3.975 ሚሊዮን ዶላር አወጣ፤ የጨረታው ገቢም ለአካባቢ ጥበቃ በጎ አድራጎት ሄደ። የጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን «ብላኪ»ም አንድ ጊታር አልነበረም፤ ከተለያዩ አሮጌ ስትራቶካስተሮች ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። ቅጂውን የገዛ ጎልማሳ የሚያገኘው ትልቁ ደስታ ይኸው ነው፦ ካቻቢቴ ይዞ ቅዳሜን በመፍታትና በመግጠም ማሳለፍ፣ የሚቆጣ ሳይኖር።

እስቲ ከፕላስቲኩ ሥር እንይ። ፒክአፕ ማለት 6 ማግኔቶችና በዙሪያቸው የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ነው። የሽቦው ውፍረት 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ዙሩ ወደ 8,000 ይጠጋል። የብረት ክር ከማግኔቱ በላይ ሲርገበገብ ሽቦው ላይ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ድምፅ ማጉያው (አምፑ) የሚያጎላው ያንን ነው። የናይሎን ክር ቢያስሩበት ጊታሩ ዲዳ ነው። አቢጌል ይባራ የተባለች ሴት በ1956 ፌንደር ገብታ ይህን ሽቦ ስትጠመጥም ኖራ ጡረታ የወጣችው በ2013 ነው። የስሟን መነሻ ፊደላት የጻፈችባቸው ፒክአፖች በተለይ ይፈለጋሉ። በሽቦ ጥምጠማ ዝና ማትረፍም አለ።

ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ ከመብራት መስመር ጥዝታ ይስባል። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60፣ የኢትዮጵያው 50 ጊዜ ስለሚመላለስ የአዲስ አበባው ጥዝታ ከዋሽንግተኑ ወፈር ይላል። የጂብሰኑ መሐንዲስ ሴት ላቨር ሁለት ጥቅል በተቃራኒ አገናኝቶ ጥዝታውን አጠፋው። የባለቤትነት መብት የጠየቀው በ1955፣ የተሰጠው በ1959 ነው። በመካከሉ በፒክአፖቹ ላይ «ማመልከቻ ገብቷል» የሚል ተለጣፊ ተደረገ፤ ዛሬ ያ ተለጣፊ ያለበት ፒክአፕ ብቻውን ከአንድ ደህና ጊታር ይወደዳል።

ቀለሙ የመኪና ቀለም መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ፌንደር «ፊየስታ ሬድ» የሚለውን ቀይ ከፎርድ ተንደርበርድ፣ «ሌክ ፕላሲድ ብሉ» የሚለውን ሰማያዊ ከካዲላክ ወሰደ። እንግሊዝ የአሜሪካ የሙዚቃ መሣሪያ እንዳይገባ የጣለችውን እገዳ በ1959 ስታነሣ፣ የሻዶውስ ባንዱ ሃንክ ማርቪን ቀይ ስትራቶካስተር ይዞ ብቅ አለ። ዝነኛው ጊታሪስት ማርክ ኖፕፍለር በልጅነቱ በዚያ ቀይ ተለክፎ ነበር፤ አባቱ የቻለው ግን ቀይ ሆፍነር መግዛት ነው። ልጁ በቀይ ስትራቶካስተር ዓለምን ያናወጠው ኋላ በ20ዎቹ ዕድሜው መጨረሻ ነው። በ16 ዓመት ያማረንን በ46 የምንገዛው ብዙዎቻችን ግን በዝና ሳይሆን በደመወዝ ነው።

ጂብሰን ከ1958 እስከ 1960 የሠራቸው የፀሐይ ጨረር መልክ ያላቸው ሌስ ፖሎች በብዛት አልተሸጡምና ምርታቸው ተቋረጠ። የተሠሩት 1,500 ገደማ ናቸው ይባላል። ቀዩ ቀለም ብርሃን ሲነካው ስለሚለቅ፣ መስኮት ዳር የቆየው ወደ ማርና ወደ ሎሚ መልክ ተለወጠ። የዛሬዎቹ ቅጂዎች ያንን የለቀቀ መልክ ጭምር ያስመስላሉ።

ጣትስ? መጅ እስኪወጣ ያማል፤ ለጎልማሳም ለልጅም። ግን የጂብሰን ክር 628፣ የፌንደር 648 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው፤ አጭሩ ላይ ክሩ ላላ ይላልና ለጀማሪ ጣት ይራራል። ቀጭኑን ባለ 9 ቁጥር ክር ማሰርም ያግዛል። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው የሥነ ልቦና ምሁር ጋሪ ማርከስ 40 ሊሞላው ሲል ጊታር ጀምሮ፣ ከልጆች ጋር በሙዚቃ ካምፕ ተቀምጦ ተምሮ፣ ያየውን በ2012 «ጊታር ዚሮ» በሚል መጽሐፍ አውጥቷል። የጂብሰኑ ጊታር በስሙ የተጠራለት ጊታሪስት ሌስ ፖል ደግሞ በ1948 በመኪና አደጋ ክንዱ ሲሰበር፣ ጊታር እንደያዘ ክንድ ታጥፎ እንዲጠገንለት ሐኪሞቹን ጠየቀ። ኋላ አርትራይተስ ጣቶቹን ቢይዝበትም በ94 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ በየሰኞ ማታው ኒው ዮርክ ውስጥ ይጫወት ነበር።

ጆሮስ? የትዝታ ሜጀር ቅኝት 5 ድምፆችና በሮክ የተለመደው ሜጀር ፔንታቶኒክ አንድ ናቸው። በ1980ዎቹ የካሴት ዘመን የሮሃ ባንዱን ሰላም ስዩምን ጊታር ሲያዳምጥ ያደገ ሰው ስለዚህ ከዜሮ አይነሣም፤ ጆሮው መንገዱን ያውቃል፣ የሚጎትተው ጣት ነው።

ከውጭ ለሚያስመጡ ሁለት ነገር። የፌንደር አንገት በ4 ብሎን ብቻ ስለተያዘ ተፈትቶ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ የጂብሰኑ በሙጫ የተጣበቀ ነውና አይሞክሩት። የጥንቶቹ ጊታሮች ጣት መርገጫ ብዙ ጊዜ ከብራዚል ሮዝውድ የተሠራ ነው፤ ይህ እንጨት ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ የንግድ እገዳ ሥር ስለሆነ ያለ ወረቀት ድንበር ማሻገር ችግር ያመጣል። ቅጂዎቹ በአብዛኛው ሌላ እንጨት ይጠቀማሉ።

ጊታሩ ራሱ ሶኬትም ባትሪም አይፈልግም። አምፑ ግን ይፈልጋል፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ደግሞ 120 ቮልት ነው። ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ ከሰኩት መጀመሪያ የሚሰሙት ድምፅ የመጨረሻው ይሆናል። ቮልቱ አምፑ ጀርባ ላይ፣ ከገመዱ መግቢያ አጠገብ ተጽፏል።