መመሪያው ሲቀድም፣ አዋጁ ሲከተል

ሕገ መንግሥቱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን በመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተጀምሮ ሰኔ 30 እንደሚያበቃ ይደነግጋል። በዚያ ሰኞ የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በንግግር ይከፍታሉ፤ መንግሥት በዓመቱ ሊሠራቸው ያሰባቸው ሥራዎችና ሊያወጣቸው ያቀዳቸው ሕጎችም በዚሁ ንግግር ይጠቆማሉ። በደህናው ጊዜ የዓመቱን አቅጣጫ ለማወቅ ይህን ንግግር ማድመጥ ይበቃል። ኢኮኖሚው ሲታመም ግን አይበቃም። ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ ወዲህ ብር በአንድ ቀን ውሳኔ ይበልጥ በጉልህ የወረደባቸው ሦስት ቀኖች ነሐሴ 26 ቀን 2002፣ ጥቅምት 1 ቀን 2010 እና ሐምሌ 22 ቀን 2016 ናቸው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው የዋሉት ምክር ቤቱ ለክረምት ተዘግቶ ሳለ ነው። መካከለኛው ደግሞ ተግባራዊ የሆነው ምክር ቤቱ ከተከፈተ ከሁለት ቀን በኋላ ነበር።

ይህ የቀን ግጥምጥሞሽ ብቻ አይደለም። የሠላሳ ዓመቱን የችግር ጊዜ ሕጎች በቅደም ተከተል ስናያቸው መጀመሪያ ላይ አዋጅ ይቀድም፣ ውሳኔም ይከተል ነበር፤ እያደር ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ።

የነገሩ ሥር ከደርግ መጨረሻ ይጀምራል። በ1967 እና 1968 የወጡት አዋጆች ባንክና ኢንሹራንስን፣ የገጠርና የከተማ መሬትን፣ ትርፍ ቤትን ጭምር ወደ መንግሥት አዙረው ሲያበቁ ለግለሰቡ የኢንዱስትሪ ባለሀብት የ500,000 ብር የካፒታል ጣሪያ አበጁለት። ዶላር ከ1965 ጀምሮ በ2.07 ብር እንደተተከለ ቆየ። ጦርነቱ ካዝናውን ሲያራቁት፣ የሶቪየት ኅብረት ድጋፍም እየሳሳ ሲመጣ፣ መንግሥት በየካቲት 1982 ፊቱን ወደ ቅይጥ ኢኮኖሚ አዞረ። የካፒታል ጣሪያው ተነሣ፤ ገበሬው እህሉን በግድ ከማስረከብ ነፃ ወጣ። ጊዜው ግን አልፎ ነበርና ከአሥራ አምስት ወራት በኋላ ሥርዓቱ ራሱ ወደቀ።

የሽግግሩ መንግሥት የወረሰው ባዶ ካዝና ነው። የመፍትሔውን አቅጣጫ ደግሞ በአብዛኛው የወሰኑት ገንዘብ ሊሰጡ የቻሉት የዓለም ባንክና የዓለም የገንዘብ ድርጅት ናቸው። እዚህ ላይ የቀኖቹን ቅደም ተከተል ልብ ይሏል። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 15/1984 የወጣው በግንቦት ወር ነው። ብር ከ2.07 ወደ 5.00 የወረደው ከዚያ በኋላ፣ በመስከረም 1985 ነው። በጥር 1986 አዋጅ ቁጥር 83 እና 84 ወጥተው ብሔራዊ ባንክን አደራጁ፤ ለግል ባንኮችም በር ከፈቱ። አዋሽ ባንክ የተመሠረተው በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። ብር ከግማሽ በላይ ዋጋውን ባጣበት በዚያ ጊዜ ነጋዴው ቢያንስ የሚሠራበትን ሕግ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። በ87 መቀመጫው የሽግግር ምክር ቤት ውስጥ የነበረው ክርክር የተሟላ ነበር ባይባልም፣ ሕጉ ከድንጋጤው ቀድሞ መድረሱ ኋላ ላይ ያልተደገመ ነገር ነው።

የ1990ዎቹ መጀመሪያ የግብር ዘመን ነው ማለት ይቻላል። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት ወጪውን አንሮት ስለነበር፣ በ1994 የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285 እና የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 ተከታትለው ወጡ። በ1995 የተጀመረው 15 በመቶ ታክስ እስከዛሬ በዚያው 15 በመቶ ላይ ነው። የገቢ ግብሩ ግን ሌላ ታሪክ ስላለው በኋላ እንመለስበታለን።

ቀጣዩ ችግር በ2000 መጣ። እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም የእህልና የነዳጅ ዋጋ ሲንር የኢትዮጵያ አማካይ የዋጋ ግሽበት ወደ 44 በመቶ ደረሰ። እንደ 1984 ያለ የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነበር፤ የተሰጠው ምላሽ ግን ተቃራኒ ሆነ። ያኔ ችግሩ በር አስከፍቶ ነበር፤ አሁን አስዘጋ። በዚያው ዓመት የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592/2000 የውጭ ዜጎች በባንክ ዘርፍ እንዳይገቡ የነበረውን ክልከላ አጠናከረው። ባንኮች በብሔራዊ ባንክ ማስቀመጥ ያለባቸው መጠባበቂያም ከ5 በመቶ ወደ 10፣ ከዚያም ወደ 15 በመቶ ከፍ አለ። የልዩነቱ ምክንያት ሩቅ አይደለም። በ1984 መንግሥት የሚበደርበት ሌላ ደጅ አልነበረውም። በ2000 ግን የቻይና ብድር ነበር፤ ተቀማጫቸው በፍጥነት የሚያድግ የሀገር ውስጥ ባንኮችም ነበሩ። ከዓለም የገንዘብ ድርጅት መጠነኛ የአስቸኳይ ጊዜ ብድር ቢወሰድም፣ የልማታዊ መንግሥቱን መንገድ የሚያስቀይር አልነበረም።

በዚህ ዘመን ነው መመሪያ አዋጅን መቅደም የጀመረው። በ2002 ምርጫ ገዥው ግንባር ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ስለያዙ፣ አዋጅ ለማውጣት መንግሥት የሚቸገርበት ምክንያት አልነበረም፤ ያም ሆኖ ከባዶቹ ውሳኔዎች በምክር ቤቱ በር አላለፉም። አዲሱ ምክር ቤት ሊከፈት አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ዶላር ከ13.60 ብር ገደማ ወደ 16.35 ተሻገረ። በታኅሣሥ 2003 በስኳር፣ በዘይት፣ በዳቦ፣ በሥጋና በሌሎችም ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ተጣለ፤ ሥጋ ቤቶች ደጃፋቸውን ሲዘጉና ሸቀጥ ከመደርደሪያ ሲጠፋ ከጥቂት ወራት በኋላ በአብዛኛው ተነሣ። በመጋቢት 2003 ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶውን የሚያህል ገንዘብ በ3 በመቶ ወለድ የመንግሥት ሰነድ እንዲገዙበት በመመሪያ አዘዘ። ባንኮቹ ለአስቀማጭ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ ያኔ 5 በመቶ ስለነበር በየሰነዱ ይከስሩ ነበር። በመሠረቱ ይህ ግብር ነው። ግብር ደግሞ በአዋጅ እንጂ በመመሪያ አይጣልም። መመሪያው ግን እስከ 2012 ድረስ ከስምንት ዓመት በላይ ሥራ ላይ ቆየ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ይህን ያህል ገንዘብ ያንቀሳቀሰ አዋጅ ማግኘት ይቸግራል።

በዚያው መሥመር ውጭ ሀገር ያለው ኢትዮጵያዊም ተነካ። የሌላ ሀገር ዜግነት የወሰዱ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንክና በኢንሹራንስ የያዙትን አክሲዮን እንዲለቁ በ2009 ታዘዙ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ በ2011 የወጣው የባንክ አዋጅ ማሻሻያ ደግሞ ያንኑ አክሲዮን እንዲገዙ ጋበዛቸው። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ተቀምጦ ገንዘቡን ለሀገሩ ባንክ ያመነ ሰው ከሁለቱ ሕግ የትኛውን ይመን? ጥያቄው ዛሬም መልስ ይሻል።

መዞሪያው ነጥብ 2010 ነው። በ2007 በ6.625 በመቶ ወለድ የተሸጠው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድና የባቡሩና የስኳሩ ብድሮች የመክፈያ ጊዜ እየቀረበ ሲመጣ ኤክስፖርቱ አላደገም። የአዲሱ የሥራ ዘመን መክፈቻ ሰኞ መስከረም 29 ቀን 2010 ሆነ፤ ረቡዕ ጥቅምት 1 ዶላር ከ23.40 ወደ 26.90 ገደማ ተሻገረ። ስድስት ወር ሳይሞላ የጠቅላይ ሚኒስትር ለውጥ መጣ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ የገዥው ግንባር ሥራ አስፈጻሚ ኢትዮ ቴሌኮምና የኢትዮጵያ አየር መንገድ በከፊል፣ ሌሎችም ድርጅቶች በከፊል ወይም በሙሉ ለግል ባለሀብት እንዲሸጡ ወሰነ። ይህን ያህል ግዙፍ የሕዝብ ሀብት የሚመለከት ውሳኔ የተሰማው ከፓርቲ መግለጫ ነበር፤ ሽያጩን የሚመራው የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ወደ ግል ማዛወሪያ አዋጅ ቁጥር 1206 የወጣው በ2012 ነው።

ከ2011 እስከ 2013 ያሉት ዓመታት ግን ለሕግ አውጪው ሥራ የበዛባቸው፣ ምናልባትም ከ1984 ወዲህ ፍሬያማዎቹ ናቸው። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት፣ የኢንቨስትመንት፣ የኤክሳይስ ታክስ አዋጆች ተከታትለው ወጡ። በ1952 የወጣው የንግድ ሕግ ከስድሳ ዓመት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተካ። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013ም ተከተለ። ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ የገዛው የቴሌኮም ሕጉ አስቀድሞ ስለወጣለት ነው። አዋጅ ሲቀድም ምን እንደሚገኝ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይኖርም። ይሁን እንጂ ኮቪድና በጥቅምት 2013 የፈነዳው የሰሜኑ ጦርነት ይህን ጅምር ቆረጡት። የ2014 በጀት 561.7 ቢሊዮን ብር ነበር፤ በዓመቱ አጋማሽ 122 ቢሊዮን ብር ተጨመረበት፤ አብዛኛውም ለመከላከያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ሄደ። በታኅሣሥ 2016 መንግሥት በ2007ቱ ቦንድ ላይ የደረሰውን የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፍል ቀረ።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ። ብሔራዊ ባንክ ባወጣው የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ተመኑን ገበያ እንዲወስነው ተደረገ፤ በዚያው ዕለት የዓለም የገንዘብ ድርጅት ቦርድ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን ከ74 ብር አለፈ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። ምክር ቤቱ ከሦስት ሳምንት በፊት ያጸደቀው የ971.2 ቢሊዮን ብር በጀት የተሰላው በሌላ የምንዛሪ ዓለም ነበርና በኅዳር 2017 የ582 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ቀረበ። የውጭ ባንኮችን የሚያስገባው አዋጅ ቁጥር 1360/2017 የጸደቀው በታኅሣሥ ወር ነው። አዋጁ የውጭ ባለድርሻዎች በአንድ የሀገር ውስጥ ባንክ የሚኖራቸውን ጠቅላላ ድርሻ በ49 በመቶ ገደበው።

እውነት ነው፤ የምንዛሪ ተመን የብሔራዊ ባንክ ሥልጣን ነው፤ ቀኑ አስቀድሞ ቢነገር ኖሮም ዶላር የሚያከማቸው ሰው ገበያውን ያደርቀው ነበር። ቅሬታው በምስጢር መያዙ ላይ አይደለም። ተመኑ ሲለወጥ አብረው መለወጥ የነበረባቸው በጀት፣ ደመወዝና ግብር ለየብቻ፣ በየተራ፣ በወራት ርቀት መምጣታቸው ነው ሕዝቡን የጎዳው። የሐምሌውን ዋጋ ደመወዝተኛው በሐምሌ ከፈለ፤ የግብር ማሻሻያው ግን የደረሰለት በተከታዩ ሐምሌ ነው።

በብር የተጻፈው አኃዝ ያለማቋረጥ ሲያድግ የኖረ መሆኑ ነገሩን ይሸፍነዋል። የ2010 በጀት 320.8 ቢሊዮን ብር፣ የ2018 በጀት ደግሞ 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው፤ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። በየጊዜው ኦፊሴላዊ ምንዛሪ ሲታዩ ግን ሁለቱም ወደ 14 ቢሊዮን ዶላር ናቸው። በስምንት ዓመት ውስጥ የሕዝቡ ቁጥር ጨምሯል፣ የሚከፈለው ዕዳም በዝቷል፤ መንግሥት በዓለም ገበያ ሊገዛበት የሚችለው አቅም ግን ካለበት ብዙም አልተነቃነቀም።

አሁን ወደ ገቢ ግብሩ እንመለስ። የ1994ቱ አዋጅ ከግብር ነፃ ያደረገው ወርኃዊ ደመወዝ 150 ብር፣ 35 በመቶው የሚጀምርበት ደግሞ 5,000 ብር ነበር። በ2008 የወጣው አዋጅ ቁጥር 979 እነዚህን ወደ 600 እና 10,900 ብር አሳደጋቸው። የ2017ቱ ማሻሻያ ወደ 2,000 እና 14,000 ብር ወሰዳቸው። በወቅቱ ምንዛሪ ስናሰላው ነፃው ደመወዝ ከ17 ዶላር ገደማ ወደ 27 ወጥቶ፣ ከዚያ ወደ 15 ወርዷል። ይበልጥ የሚያስገርመው ጣሪያው ነው፦ 580 ዶላር፣ ከዚያ 500፣ ከዚያ 100 ገደማ። በ1994 እና በ2008 የ35 በመቶው መደብ የሥራ አስኪያጅና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ መደብ ነበር፤ ዛሬ ለቤት ኪራይ ከደመወዙ ግማሹን የሚሰጥ ባለሙያ ይገኝበታል። በወር 10,000 ብር የሚያገኝ ሰው በፊት 2,045 ብር ግብር ይከፍል ነበር፤ በአዲሱ 1,650 ብር ይከፍላል። የ395 ብር ቅናሽ ነው። ቅናሹ የማይናቅ ነው፤ በአንጻሩ ዝቅተኛው የ10 በመቶ መደብ ስለጠፋ ከ2,000 ብር በላይ ያለችው የመጀመሪያዋ ብር በቀጥታ 15 በመቶ ትከፍላለች።

በነዚህ ሦስት ሕጎች መካከል ያለው ርቀት አሥራ አራት ዓመት፣ ከዚያም ዘጠኝ ዓመት ነው። ምንዛሪው በየቀኑ በሚለወጥበት በዚህ ጊዜ ዘጠኝ ዓመት መጠበቅ የሚያዋጣ አይመስለኝም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል እንዲወስን መንገድ ከፍቶ ነበር፤ እስከ 2017 መጨረሻ ድረስ ግን ወለሉ አልተወሰነም። በመጪዎቹ የመስከረም ንግግሮች ውስጥ የትኛው ረቂቅ ሕግ እንደተጠቀሰ ብቻ ሳይሆን፣ ለዚህ ቦርድና ለግብር መነሻው የጊዜ ሰሌዳ ተሰጥቶ እንደሆነ ማየቱ ስለ ዓመቱ የበለጠ ይናገራል።