አውሎ ነፋሱ ሄደ፣ ውሃው ቀረ

እ.ኤ.አ. በሜይ 2009 አይላ የተባለው አውሎ ነፋስ የባንግላዴሽን ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ መታ። የሞቱት ሰዎች ወደ 190 ነበሩ። ቁጥሩ ያሳዝናል፤ የአገሪቱን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ግን ተአምር ይመስላል። ከኩልና ከተማ በስተደቡብ፣ ከሰንደርባንስ ደን ማዶ ባለች «ፖልደር 32» በምትባል ደሴት መከራው የጀመረው አውሎ ነፋሱ ካለፈ በኋላ ነው። ዙሪያዋን የከበባት የአፈር ክትር ተደረመሰና ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እየሞላ እርሻውንና መንደሩን ያጥለቀልቅ ጀመር። ይህ ሁለት ዓመት ገደማ ቆየ። በሕይወት የተረፈው ሕዝብ ሳይፈርስ በቀረው ክትር አናት ላይ ጎጆ ቀልሶ ኖረ፤ ከዚያ ሌላ ደረቅ መሬት አልነበረማ።

ሰውን ከሞት ማዳን የቻለች አገር መሬቱን ማዳን ለምን አቃታት?

መጀመሪያ የተሳካውን እንይ። በኖቬምበር 1970፣ አገሩ ገና ምሥራቅ ፓኪስታን ሳለ፣ የቦላ አውሎ ነፋስ በአንድ ሌሊት ቢያንስ 300 ሺህ ሰው ፈጅቷል። አብዛኛውን የገደለው ነፋሱ የገፋው ባሕር ነው። የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ወደ ሰሜን እየጠበበና ጥልቀቱ እየቀነሰ የሚሄድ እንደ ማንቆርቆሪያ ያለ ቅርጽ አለው። ነፋሱ ውሃውን ወደዚያ ጠባብ ጫፍ ሲያጭቀው፣ ወደ ጎን መሸሻ፣ ወደ ታችም መስመጫ ያጣው ውሃ ሽቅብ ይነሣል። ይህ የሆነው ባሕሩ በተፈጥሮው በሚሞላበት ሰዓት ላይ ከሆነ ደግሞ ወዮ ነው፤ በ1970 የሆነውም ይኸው ነበር።

ከነጻነት ማግሥት፣ በ1972፣ መንግሥትና የዛሬው የቀይ ጨረቃ ማኅበር ለአውሎ ነፋስ የመዘጋጃ መርሐ ግብር አቋቋሙ። የሳተላይት መረጃ ቢኖርም ትንበያውን ወደ ጎጆው በር የሚያደርሰው ባንዲራ የሚሰቅልና ድምፅ ማጉያ ይዞ የሚዞር የመንደሩ ሰው ነው። ዛሬ በጎ ፈቃደኞቹ ከ70 ሺህ ይበልጣሉ፤ ግማሽ ያህሉም ሴቶች ናቸው። ይህ ለወጉ ያህል የተደረገ አይደለም። በ1991 ወደ 140 ሺህ ሰው በገደለው አውሎ ነፋስ ከሞቱት የሚበዙት ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ባል በሌለበት ቤት ጥሎ ወደ መጠለያ መሄድ ነውር በሚመስልበት አገር፣ በር የምታንኳኳው ሴት ስትሆን ተነሥቶ መውጣት ይቀላል። በ2020 አምፋን የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው አስቀድሞ ወደ መጠለያ ገባ፤ በአገሪቱ የሞቱትም በአሥሮች የሚቆጠሩ ብቻ ሆኑ።

ይህ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ነው፤ የሚቆጥረውም በሰዓትና በቀን ነው። የመሬቱ ታሪክ ግን የሚቆጠረው በአሥርት ዓመታት ነው።

ከ1960ዎቹ ጀምሮ የደቡቡን ረግረግ መሬት ከጨው ውሃ ለመጠበቅ በዙሪያው የአፈር ክትር ተሠራ። «ፖልደር» የሚለውም ቃል ከሆላንድ የመጣ ነው፤ በጠቅላላው 139 ናቸው። ሩዙ ተትረፈረፈ። ያን ጊዜ ብዙም ያልታሰበበት ነገር መሬቱ ራሱ ከምን እንደተሠራ ነው። ዴልታ ማለት ወንዝ ያመጣው ደለል ነው። ጭቃው በራሱ ክብደት እየተጫነ ይሰምጣል፤ ከላይ ደግሞ ሞልቶ የሚሸሸው ውሃ ሁልጊዜ አዲስ ደለል ያነጥፍበታል፤ በዚህ ሚዛን ይኖራል። ከእኛ ደጋ ተጠርጎ የግብፅን ዴልታ የሠራው አፈርም ያው ነበር፤ የአስዋን ግድብ ደለሉን ካስቀረ ወዲህ ያ ዳርቻ በባሕር እየተበላ ነው። በባንግላዴሽ ክትሩ ባሕሩን ሲከለክል ደለሉንም አብሮ ከለከለ። ተመራማሪዎች ፖልደር 32ን አጠገቧ ካለው፣ ክትር ካልነካው የማንግሮቭ ደን ጋር ሲያነጻጽሩ መሬቷ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ዝቅ ብሎ አገኙት። ደሴቲቱ ሳህን ሆናለች። የባሕሩ ከፍታ መጨመር ሌላ ጣጣ ነው፤ ሳህኑን ያጎደጎደው ግን የሰው እጅ ነው።

ታዲያ ይህን ማን ይከታተል? በባንግላዴሽ ማስጠንቀቂያውና መጠለያው የአደጋ ሚኒስቴር፣ የአየር ንብረት ጉዳይ የአካባቢ ሚኒስቴር፣ ክትሩ ደግሞ የውሃ ሚኒስቴር ሥራ ነው። ዓለም አቀፉ አሠራርም ከዚህ አይሻልም። የአደጋ ስጋትን ስለመቀነስ የሚናገረው የሰንዳይ ማዕቀፍ በማርች 2015፣ የፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት በዚያው ዓመት በዲሴምበር ጸደቁ፤ በአንድ ዓመት የተወለዱ፣ በሁለት ቤት ያደጉ ወንድማማቾች ናቸው። አንደኛው ቢሮ የፈረሰውን ክትር ቶሎ ድፈኑ ይላል፤ ሰው ውሃ ውስጥ ነውና ልክ ነው። ሌላው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያ ክትር ከኋላው ምን ያህል ጥልቅ ጉድጓድ እንደሚጠብቅ ያሰላል፤ እሱም ልክ ነው። አገሪቱ በ2018 ያጸደቀችው የዴልታ ዕቅድ 2100 ሁለቱን በአንድ ገበታ ለማስቀመጥ የተደረገ ሙከራ ነው።

ለእኔ ግን ከሰነዶቹ ሁሉ የሚበልጠው ገበሬዎቹ ያደረጉት ነው። ክትሩ ከተሠራ ወዲህ ከውጭ ያለው ወንዝ በደለል ተሞልቶ ስለነበር፣ የዝናቡ ውሃ መውጫ አጥቶ እርሻው ላይ ይተኛ ነበር። በ1990 ቢል ዳካቲያ በተባለ ስፍራ ነዋሪዎች ማንንም ሳያስፈቅዱ ክትሩን ቆረጡት። በ1997 በቢል ባይናም እንዲሁ ሆነ። ውሃው ሞልቶ ሲገባ ደለሉን ሜዳው ላይ እየጣለ፣ ሲመለስ የወንዙን አልጋ እየጠረገ ይወጣል። በቢል ባይና በአራት ዓመት ገደማ ውስጥ ከተቆረጠው ቦታ አጠገብ ያለው መሬት ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ አለ። መጀመሪያ እንደ ጥፋት የታየው ነገር ኋላ በመንግሥት መሐንዲሶች መዝገብ ውስጥ የሙያ ስም አግኝቶ ገባ። አይላ ራሱ በፖልደር 32 ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ያ ሁለት ዓመት ያስለቀሰ ውሃ በአሥር ሴንቲ ሜትሮች የሚቆጠር አዲስ አፈር ትቶ ሄዷል።

ልዩነቱ አንደኛው በዕቅድ፣ ሌላው በድንገት መምጣቱ ነው። በዕቅድ መክፈትም ቢሆን ችግር አለው። ደለሉ እኩል አይነጠፍም፤ ከቆረጣው የራቀው ገበሬ ጥቂት ጣት ያህል ብቻ ይደርሰዋል። ሜዳው ክፍት በሆነባቸው ዓመታት ደግሞ ሩዝ አይዘራም። ለዚያ ዘመን ይከፈላል የተባለው ካሳ ሲዘገይና ሲጓደል ጸብ ተነሥቷል፤ ክትሩ እንዳይከፈት የሚሟገት መንደርም አለ። ማሳው በአውሎ ነፋስ ለተጥለቀለቀ ሰው የዕርዳታ እህል የሚሰጥ መጋዘን አለ። ነገ እንዳይጥለቀለቅ ብሎ ዛሬ ማሳውን በፈቃዱ ለውሃ የሰጠው ሰው ግን በየትኛው መጋዘን በር ላይ ይሰለፍ?