የመካነ ሰላም መንገድና የእህል ዋጋ



እህል በከተማ ገበያ በተወደደ ጊዜ ብዙዎቻችን ነጋዴውን እንወቅሳለን። ነገር ግን እህሉ ከአውድማ ተነሥቶ ከደጃችን እስኪደርስ ድረስ የሚከፈለውን የጭነት ኪራይ የምናስብ ጥቂቶች ነን። ዛሬ ይህን ጉዳይ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ባለው በመካነ ሰላም መንገድ ምሳሌነት እንመለከታለን።

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። መንገዱ ከደሴ ተነሥቶ፤ የጉጉፍቱን ደጋ አልፎ፤ በአቀስታ በኩል ከርስዋ ይደርሳል። ከዚያም ወደ ዓባይ በረሓ ወርዶ፤ ወንዙን በድልድይ ተሻግሮ፤ ወደ ጎጃም ይወጣል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ደጋ ገብስ፤ ስንዴና ባቄላ፤ ወይና ደጋው ደግሞ ጤፍ የሚያበቅል አገር ነው።

አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ትጭናለች ብንል፤ መቶ ኩንታል የሚያነሣ መኪና የ200 አህዮችን ሸክም በአንድ ጊዜ ይወስዳል ማለት ነው። ነጋዴው በደሴ ከሚሸጥበት ዋጋ የጭነቱን ኪራይና ትርፉን ቀንሶ የቀረውን ለገበሬው ይከፍላል። ስለዚህ ኪራዩ ሲቀንስ የገበሬው ድርሻ ከፍ፤ የሸማቹም ወጪ ዝቅ ሊል ይችላል።

ሆኖም መንገድ ብቻውን ራብን አያስቀርም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በተራበ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ የሚወስደው አውራ ጎዳና በደሴ በኩል ያልፍ ነበር። የኢኮኖሚክስ ሊቁ አማርትያ ሴን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፤ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ የተራበው ሰው መግዣ ስላልነበረው ግን ከወሎ እህል ወደ ሌላ ስፍራ ይወጣ ነበር። መንገድ በራሱ እህልን የሚያደርሰው ገንዘብ ላለው ነው። ለተራበው እንዲደርስ የመጠባበቂያ ጎተራና ለችግረኛው ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ሁለተኛው ነገር ጥገና ነው። የደጋው ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። የመንገዱ ዳር ቦይ በሰኔ ሳይጠረግ ከቀረ ውሃው መሠረቱን ይቦረቡራል። ከነዳጅ ሽያጭ ገንዘብ የሚሰበስበው የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው ለዚሁ ለጥገና ነው።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ በጀት የምናዘጋጅ ሁሉ፤ አዲስ መንገድ ሲመረቅ የምንደሰተውን ያህል ለቦይ መጥረጊያና ለጎተራ የሚጠየቀውንም ገንዘብ እንደ ትንሽ ነገር አንቈጥረው።