በደም ውስጥ የቆመ ዘበኛ

የሰው ሰውነት ያለ ጠባቂ አልተፈጠረም። በደሙ ውስጥ ቀንና ሌሊት የሚዘዋወሩ፥ ባዕዱን ከዘመድ ለይተው የሚዋጉ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ። የእነዚህም ኃይል ከሰው ሰው የሚለያይ ስለ ሆነ፥ አንድ በሽታ አንዱን ጥሎ ሌላውን ሲያልፈው ይታያል። ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው የጉበት በሽታ ለዚህ ምስክር ነው።

የዚህ በሽታ ቫይረስ የታወቀው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. ነው። የሚተላለፈው በደም ስለ ሆነ፥ አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ የሚወስዱና መርፌ የሚዋዋሱ ሰዎች ከሁሉ ይልቅ ይጋለጡበታል። በስሪንጅ ውስጥ በቀረ ደም ቫይረሱ እስከ 63 ቀን ሳይሞት ሊቈይ እንደሚችል በምርመራ ተረጋግጧል።

ነገር ግን በእንግሊዝ አገር በፕሊመዝ ከተማ የሚሠሩ ሊቃውንት፥ ብዙ ዘመን መርፌ ሲዋዋሱ ከኖሩት መካከል፥ ቫይረሱም ሆነ የመያዝ ምልክት የሆነው አንቲቦዲ በደማቸው የማይገኝ ሰዎችን አገኙ። በሽታው ጨርሶ አልደረሰባቸውም እንዳይባል፥ ከነጭ የደም ሕዋሳታቸው አንዳንዶቹ ቫይረሱን ለይተው የሚያውቁ ሆነው ተገኙ። ይኸውም ዘበኛው ጠላቱን ቀደም ብሎ እንዳገኘው ያመለክታል።

ከተያዙትም ሰዎች ከመቶው 30 የሚያህሉት በስድስት ወር ውስጥ ያለ መድኃኒት ይድናሉ። ከወላጅ የሚወረስ የጂን ልዩነት በዚህ ድርሻ እንዳለው በ2009 ዓ.ም. ታውቋል። በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በተደረገው ክትትልም፥ አንድ ጊዜ በራሳቸው ከዳኑ በኋላ እንደ ገና ከተያዙት አብዛኞቹ ሁለተኛውንም ድል ነሥተዋል።

ይህን ኃይል በክትባት ለመቀስቀስ የታሰበው ግን ገና አልተሳካም። በባልቲሞር፥ በሳንፍራንሲስኮና በአልበከርኪ መርፌ በሚወስዱ ፈቃደኞች የተፈተነው ክትባት በሽታው ሥር እንዳይሰድ አለመከልከሉ በ2021 ዓ.ም. ተገልጧል።

ስለዚህ በተፈጥሮ ኃይሉ ተማምኖ መዘናጋት አይገባም፤ ዘበኛ አለ ብሎ ደጁን ከፍቶ የሚተኛ የለምና። በ2022 ዓ.ም. ብቻ ይህ በሽታ 242,000 የሚያህሉ ሰዎችን ገድሏል። ንጹሕ መርፌ ማዳረስና ደምን ማስመርመር ያስፈልጋል፤ ከ8 እስከ 12 ሳምንት የሚዋጠውም ኪኒን ከመቶው ከ95 በላይ ያድናል። ነገር ግን በመድኃኒት የዳነ ሰው እንደ ገና ሊያዝ ይችላል። ክትባቱን የሚሹት ሊቃውንት ትምህርታቸውን የቀሰሙት ዓለም ከሚነቅፋቸው ሰዎች ደም ነው፤ እንግዲህ መድኃኒቱ ወደ እነዚሁ ሰዎች ሳይደርስ ቢቀር ውለታን መርሳት ይሆናል።