«ይጣጣማል» የተባለ ክላውድ እስከ ምን ድረስ ይጣጣማል?



ሱብሕ ላይ ከተለያየ አካባቢ የመጣን ተማሪዎች በአንድ ሶፍ እንቆማለን። በሁለተኛው ረከዓ ኢማሙ ከሩኩዕ ቀና ብሎ ቁኑት ሲጀምር፣ በሐነፊ መዝሀብ ያደገው ወንድማችን ለሱጁድ ጎንበስ ካለ በኋላ ይመለሳል። ሁለቱም መዝሀብ መሠረት አለው፤ ሰላቱም ያው ሱብሕ ነው። ልዩነቱ የታወቀው ግን አብረን ስንሰግድ ነው። ክላውድ ላይ «ኤፒአዩ ይጣጣማል» ሲባልም ነገሩ ይህን ይመስላል።

ኤፒአይ አንድ ፕሮግራም ሌላውን አገልግሎት የሚጠይቅበት ውል ነው። «ቨርቹዋል ማሽን አስነሳልኝ»፣ «ይህን ፋይል አስቀምጥልኝ» የሚለው ጥሪና የሚጠበቀው መልስ በውሉ ተወስኗል። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 ኤስ3 የተባለውን የፋይል ማከማቻና ኢሲ2 የተባለውን የማሽን ኪራይ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ፕሮግራሞች በእርሱ ውል ተጻፉ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የተጀመረውና በ2008 የወጣው ዩካሊፕተስ የተባለ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ያንኑ ውል ተከተለ። ዓላማው ለአማዞን የተጻፈ ፕሮግራም በራስ ግቢ ባሉ ሰርቨሮችም እንዲሠራ ነበር።

ናሳና ራክስፔስ በ2010 ያስጀመሩት ኦፕንስታክ ግን የራሱን ኤፒአይ ዋና አድርጎ የኢሲ2ን በጎን ያዘ። የጎኑ ክፍል በቂ ተንከባካቢ አላገኘም፤ በ2016 ከዋናው ኮድ ወጥቶ ለብቻው የሚጫን ፕሮጀክት ብቻ ቀረ። የሌላውን ኤፒአይ መከተል ማለቂያ የለውም። ባለቤቱ አዲስ ጥሪ በጨመረ ቁጥር ተከታዩ ከኋላ ይሮጣል።

ስለዚህ መጣጣም ደረጃ አለው። የመጀመሪያው የጥሪው ስም መኖሩ ነው። ሁለተኛው የመልሱና የስህተት መልእክቱ ቅርጽ አንድ መሆኑ ነው። ሦስተኛውና የሚያታልለው ጠባዩ ነው። ለምሳሌ የኦፕንስታክ ማከማቻ ስዊፍት የኤስ3ን ጥሪዎች ይቀበላል። ኤስ3 ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አሁን የገባ ፋይል ወዲያው በዝርዝር ውስጥ እንዲታይ ያደርጋል፤ ስዊፍት ላይ ግን ዝርዝሩ ሊዘገይ ይችላል። ፋይል አስቀምጦ ወዲያው ዝርዝር የሚጠይቅ ፕሮግራም አንዱ ጋ ይሠራል፣ ሌላው ጋ «ፋይሉ የለም» ይላል። ብሶ ደግሞ አንዳንዴ ብቻ ይሳሳታል።

በዶላር የሚከፈልበት ካርድ ለሌለን ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን በላብ ኮምፒውተሮች ላይ ባቆምነው የግል ክላውድ መሞከር ጥሩ መፍትሔ ነው። ግን አስቀድመን ፕሮግራማችን የሚጠቀምባቸውን ጥሪዎች እንዘርዝር፤ ብዙ ጊዜ ከአሥር አይበልጡም። እያንዳንዱ መደገፉን ከመድረኩ ሰነድ እናጣራ። ከዚያ አጭር የሙከራ ኮድ ጽፈን እናስኪደው፤ የሌለ ፋይል መጠየቅንና አስቀምጦ ወዲያው መዘርዘርንም ይጨምር። ከማከማቻው ጋር የሚነጋገረውን ኮድ በአንድ ፋይል ብንሰበስበው፣ ነገ መድረክ ስንቀይር የምንነካው እርሱን ብቻ ይሆናል።

ሪፖርታችን ላይ «ይጣጣማል» ብሎ መጻፍ ምስክርነት ነው፤ በዚያ ቃል ተማምኖ ሥራውን የሚያዛውር ሰው ይኖራል። «እነዚህን ስምንት ጥሪዎች ሞክረናል፣ ሰባቱ ሠርተዋል» ብንል አማናችንን ተወጣን። ያልሞከርነውን አንመስክር።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን፤ በዕውቀታችንም የምንሠራ ያድርገን። አሚን።